ደረሰኙ ሳይነጣ ኮፒ ይደረግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምሠራው ደሴ ውስጥ በአንድ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ ነው። የነጋዴውን ደረሰኝ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ እመዘግባለሁ፣ የየወሩን ቫት (ተጨማሪ እሴት ታክስ) ለገቢዎች አሳውቃለሁ። ስለ ግብር ብዙ ይጻፋል። ስለ ደረሰኝ ወረቀት ግን ሲነሳ አላየሁም፤ እኛን የሚያስለቅሰን እሱ ነው።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በቀለም አይታተምም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ይነጣል፣ ፌስታል ውስጥ ከከረመ ይደበዝዛል። ከኮምቦልቻ ሚሌ የሚመላለሱ ሾፌሮች የመለዋወጫ ደረሰኝ ዳሽቦርድ ላይ ጣል ያደርጋሉ። በአፋር ሙቀት ሰንብቶ እኔ ጋ ሲደርስ አንዱ ነጥቷል፣ ሌላው ከል መስሏል። መስኮት ላይ አስጠግቼ፣ በስልኬ መብራት ከጀርባው እያበራሁ የሻጩን ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ለማንበብ እታገላለሁ። ብዙ ጊዜ አይወጣልኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐጂ የዓመቱን ደረሰኝ ይዘው መጡ። አንዲት ብጣሽ አልጣሉም። ስንዘረጋው ግማሹ ባዶ ወረቀት ሆኗል። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከፍያለሁ» አሉኝ። መክፈላቸውን አምናለሁ። ግን ምን ይዤ ልከራከርላቸው?

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ቫቱን ሳይጨምር የ10,000 ብር ዕቃ የተገዛበት ደረሰኝ ካልተነበበ፣ 15 በመቶው ቫት ማለትም 1,500 ብር ነጋዴው ለመንግሥት ከሚያስገባው ቫት ላይ አይቀናነስለትም። ወጪውም ውድቅ ሆኖ እንደ ትርፍ ይቆጠራል። ነጋዴው 35 በመቶ የሚከፍልበት እርከን ላይ ከሆነ ሌላ 3,500 ብር ይጨመርበታል። አትርፎ ሳይሆን አውጥቶ ግብር ከፈለ ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ዓመታዊ ማሳወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ነው ብላችሁ ወረቀቱን አታከማቹ። በየወሩ አምጡልን። ደረሰኙን በተቀበላችሁበት ቀን ኮፒ አድርጉና ከዋናው ጋር በስቴፕለር አያይዙት። ፌስታሉን ተዉት፣ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ሾፌሮችም ቢያንስ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ገቢዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በጊዜው ኮፒ ተደርጎ ከነጣው ዋና ደረሰኝ ጋር የተያያዘውን አንዱ ኦዲተር ይቀበለዋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። ቁርጡን የሚነግረን አንድ ደብዳቤ ሐምሌ ሳይገባ ይጻፍልን።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ከደሴ