በደረሰኝ ጀርባ የተጻፈልን ውል በር ላይ ስለመለወጡ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለቤት አከራይና ተከራይ አገናኝ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የከፈልነው ኮሚሽን 6,000 ብር እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

የሚከራይ ቤት እንድታገናኙን ኮሚሽን የከፈልን ሦስት ተማሪዎች ነን። የሦስታችንም መታወቂያ ቅጂና የክፍያ ሰነዳችን እናንተ ዘንድ ስላለ ነገሩን ከሥር ጀምረን አንዘረዝርም። አምስት ጊዜ ደውለናል፤ ሁለት ጊዜ ቢሯችሁ ድረስ መጥተናል። ሁሌም የተሰጠን መልስ «ነገ እንደውልላችኋለን» ነው። የደወለልን ስለሌለ በጽሑፍ ለማመልከት ተገደናል።

ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን ከጃን ሜዳ ጀርባ ባለው ግቢ በር ላይ የሆነውን ወኪላችሁ በሙሉ የነገሩዎት አይመስለንም። መስከረም 30 ቀን ኮሚሽኑን ሲቀበሉን ያሉን ግልጽ ነበር፤ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት፣ በወር 12,000 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያ የሁለት ወር፣ ውሉም በወረዳ የሚመዘገብ። ስሌቱንም ራሳቸው በደረሰኙ ጀርባ ጽፈውልናል፤ 24,000 ብር፣ ለአንድ ሰው 8,000። ጽሑፉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ከሥሩ ፊርማቸው አለ። ዋናው እኛ ጋ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፒክአፑ ከነዕቃው በሩ ላይ ቆሟል። ወኪላችሁ የመጡት ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። እንደደረሱ፣ ገና ፍራሹ ሳይወርድ፣ «አከራይዋ የስድስት ወር ካልተከፈለ ቁልፍ አልሰጥም ብለዋል» አሉን። 72,000 ብር ማለት ነው፤ ለአንድ ተማሪ 24,000። በደረሰኙ ጀርባ የሦስታችን ድምር ሆኖ የተጻፈው ገንዘብ በር ላይ የአንዳችን ድርሻ ሆነ።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ መከልከሉን በትሕትና አስታወስናቸው። የሰጡን መልስ ይህ ነው፦ «ሕግ ካወቃችሁ ሕጉ ውስጥ ገብታችሁ እደሩ።» ይህን የተናገሩት የግቢው ተከራዮች በተሰበሰቡበት፣ ሹፌሩም እየሰማ ነው። ድርጅታችሁ ገንዘባችንን በተቀበለ በስምንተኛው ቀን ከሰው ፊት እንዲህ መባላችን ከገንዘቡ በላይ ከንክኖናል።

ቀጥለው ያቀረቡት «መፍትሔ» ደግሞ የባሰ ነው። ወረዳ ለሚገባው ውል 5,000 ብር ይጻፍ፣ ቀሪው 7,000 በየወሩ በእጅ ይሰጥ አሉ። ይህ ለተከራይ ምን ማለት እንደሆነ ድርጅታችሁ ከማንም በላይ ያውቃል። በእጅ ለተሰጠ ገንዘብ ማስረጃ የለም። ነገ አከራይዋ «አልተከፈለኝም» ቢሉ ወይም በዓመቱ መሀል ዋጋ ቢጨምሩ የምንከራከርበት ወረቀት 5,000 የሚል ብቻ ነው፤ በሐሰት ውል የፈረምነውም እኛ ነን። አዋጁ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን፣ ውሉም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዘዘው ይህን ለመከላከል ነው። አልፈረምንም፤ ዕቃውን መልሰን ሄድን። የፒክአፑ ኪሳራ 3,000 ብር ነው፤ ደርሶ መልስ።

የአከራይዋን ስጋት አንክድም። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ ተማሪ ደግሞ ሰኔ ላይ ቤቱን ይለቃል ብለው ይፈራሉ። ውል ሲመዘገብ የኪራይ ገቢ ግብር እንደሚከተልም ይታወቃል። ነገር ግን ይህን ከአከራይ ጋር ቁጭ ብሎ መጨረስ፣ ካልሆነም ኮሚሽን ከመቀበል በፊት ለተከራይ መንገር የአገናኝ ሥራ ነው። የተከፈላችሁም ለዚሁ ነው።

በሩ ላይ ቆመን ሳለ ያየነውንም ልንተወው አንችልም። «የራሱ ቆጣሪ አለው» ተብሎ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ አንድ ነው፤ አራት ቤት ይጋራዋል። ወደ ሰርቪሶቹ የሚሄደው መስመር ባለ 10 አምፔር ማቋረጫ (ብሬከር) ነው ያለው። በ220 ቮልት ይህ 2,200 ዋት ነው። ባለ 1,500 ዋት ምድጃ በሁለት ክፍል በአንድ ጊዜ ከተለኮሰ 3,000 ዋት ይሆናል፤ ማቋረጫው ይጥላል፤ ግቢው ይጨልማል። የእንጀራ ምጣድማ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ የሚታሰብ አይደለም። ማቋረጫውን በትልቅ መለወጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ያ ቀጭን ሽቦ ግሎ እሳት ያስነሳል። ከተከራዮቹ አንዷ እንደነገሩን ማታ ማታ የሚያበስሉት ተራ ይዘው ነው። ውሃም «24 ሰዓት» የተባለው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ግቢው ውስጥ ሮቶ የለም፤ ያለው ሁለት ሰማያዊ በርሜል ነው። በሩ ማታ 3 ሰዓት እንደሚቆለፍም ያን ዕለት ነው የሰማነው። ከስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ለሚወጣ ተማሪ ይህ ከዋጋው እኩል መነገር የነበረበት ነገር ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን በትዕግሥት አልፈነው ነበር። «ከስድስት ኪሎ 10 ደቂቃ በእግር» ተብሎ የታየን የመጀመሪያው ቤት ከሽሮ ሜዳ በላይ ነው፤ ሽቅብ 35 ደቂቃ ተጉዘናል። ቀበና ያለው ሁለተኛው ቤት እኛ ከመድረሳችን ሦስት ቀን ቀድሞ ተከራይቶ ነበር። ለሁለቱም የቤት ማሳያ 200፣ 200 ብር ያለ ደረሰኝ ከፍለናል። በስልክ የላካችሁልን ፎቶ ኮርኒሱና የሴራሚክ ወለሉ ያማረ የሌላ ቤት ነው።

ስለዚህ 6,000 ብሩ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በከፈልንበት የባንክ ሒሳብ እንዲመለስልን፣ የማሳያው 400 ብርና የፒክአፑ 3,000 ብርም እንዲተካልን እንጠይቃለን። ድምሩ 9,400 ብር ነው። ወኪላችሁ ለተናገሩት ቃል በድርጅቱ ማኅተም የተጻፈ ይቅርታ እንፈልጋለን፤ በስልክ የሚባል ይቅርታ አንቀበልም። የመታወቂያ ቅጂዎቻችንም ይመለሱልን፤ ያልተዋዋልንበት ቤት ፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። ያ ግቢ «የራሱ ቆጣሪ፣ ውሃ 24 ሰዓት» ተብሎ እስከ ትናንት ማታ በማስታወቂያችሁ ላይ ስለነበር እንዲነሣ ወይም እንዲታረም እንጠይቃለን። በዚህ ወር ቤት የሚፈልገው ተማሪ ብዙ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው ዕቃውን ጭኖ እዚያው በር ላይ እንዲቆም አንፈልግም።

እስከ ዓርብ ጥቅምት 21 ቀን ምላሽ ካልደረሰን፣ የደረሰኙን ፊትና ጀርባ አያይዘን ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤትና በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለንግድ ቢሮ እናመለክታለን። ሹፌሩ የሰሙትን ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
ሦስቱ ተማሪዎች
(ስምና ፊርማችን በደረሰኙ ላይ አለ)