ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ፦ የቆዳ ቅባት ሲሰጥ የማቆሚያ ቀኑ ይጻፍበት

ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ስቴሮይድ ያለባቸውን የቆዳ ቅባቶች አሰጣጥና አጠቃቀም ይመለከታል

እኛ በዞኑ ውስጥ በመድኃኒት እደላና በቆዳ ሕክምና የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቅዎት ነገር ብዙ ወጪ የለበትም። ስቴሮይድ (የቆዳን መቅላትና ማሳከክ የሚያስታግስ መድኃኒት) ያለበት ማንኛውም ቅባት ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይለጠፍበት፤ ወረቀቱም የት እንደሚቀባ፣ ምን ያህል እንደሚቀባ፣ በየትኛው ቀን እንደሚቆም ይናገር። አሁን ማዘዣው ላይ በአብዛኛው የሚገኘው «በቀን 2 ጊዜ» የሚለው ብቻ ነው። መቼ ይቆም? አይታወቅም። ሰውየው ቲዩቡ ተጨምቆ እስኪያልቅ ይቀባና ባዶውን ይዞ መጥቶ «ይህንኑ ስጡኝ» ይላል፤ ይሰጠዋልም።

የመጀመሪያው ስህተት የሚነሳው ከቁጥሩ ነው። ሃይድሮኮርቲሶን 1 ፐርሰንት ይላል፣ ክሎቤታሶል ደግሞ 0.05 ፐርሰንት። ቁጥሩን ያየ ሰው ክሎቤታሶል ቀለል ያለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሃይድሮኮርቲሶን ከሁሉም ደካማው ሲሆን ክሎቤታሶል በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል። ቤታሜታሶን ቫለሬት 0.1 ፐርሰንት በመካከላቸው ሆኖ ወደ ኃይለኛው ያደላል። ፐርሰንቱ የመድኃኒቱን መጠን እንጂ ኃይሉን አይናገርም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ደካማ»፣ «ኃይለኛ»፣ «በጣም ኃይለኛ» የሚለው ቃል ይጻፍ።

ዞናችን ደጋውንም ቆላውንም የያዘ ነው። በመንዝ፣ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ብርዱና ደረቁ ነፋስ ቆዳ ያደርቃል፣ የሕፃናት ጉንጭ ይሰነጣጠቃል፣ ችፌ ይበረታል። ከጣርማ በር ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ሙቀትና ላብ ስላለ በብሽሽትና በብብት ጭርት ይበዛል። ለሁለቱም ያው ቲዩብ ሲሰጥ ይታያል። በብርድ ለተሰነጠቀ ጉንጭ የሚያስፈልገው ቫዝሊን ነው፤ ስቴሮይድ አይደለም። ጭርት ደግሞ ፈንገስ ስለሆነ ስቴሮይድ ይመግበዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መቅላቱና ማሳከኩ በ2 እና 3 ቀን ጸጥ ይላል፤ ሰውየው «ሠራልኝ» ብሎ ያመሰግናል። ፈንገሱ ግን ከሥር መስፋፋቱን ቀጥሏል። ቅባቱ ሲቆም ማሳከኩ ብሶ ይመለሳል፣ ያኔም «መድኃኒቱን ስላቆምኩ ነው» ብሎ ሌላ ቲዩብ ይገዛል። ከወር በኋላ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ጭርት የሚታወቅበት ክብ ጠርዝ ጠፍቶ ሽፍታው ምን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ፀረ ፈንገስ፣ አንቲባዮቲክና ቤታሜታሶን አንድ ላይ የተቀላቀሉባቸው ቅባቶች «ለሁሉም ይሆናል» ተብለው ስለሚሰጡ ይህንኑ ጣጣ ያበዙታል።

እከክም እንዲሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን እከክ እንዴት እንደተዛመተ መምሪያው ያውቀዋል። ስቴሮይድ ማሳከኩን ሲያስታግስ እከክ የሚያመጡት ጥቃቅን ነፍሳት ይባዛሉ፣ ቤተሰቡም በሙሉ ይያዛል። በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ሽፍታ ያለበት፣ ሌሊት ሌሊት የሚብሰው፣ አብሮት የሚያድርም ሰው የሚያክከው ከሆነ በመጀመሪያ እከክ ይታሰብ። በገደላማው ደጋ ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን ቁስል ደግሞ ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ የሽኮኮ መኖሪያ ባለበት ሰፈር በተለይ። ነጣ ያለና ጥጥ ሲነካው የማይሰማው ቆዳ የሥጋ ደዌ ምልክት ነው። እነዚህ ሁሉ ቅባት ከመቀባቱ በፊት መታየት አለባቸው። አልማዝ ባለጭራና ምች ላይም ይህ ቅባት አይቀባም።

ልኩን በተመለከተ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ወረቀቱ ላይም ሊሰፍር ይችላል። አፉ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቲዩብ ተጨምቆ፣ በአዋቂ ሌባ ጣት ላይ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚወጣው መስመር አንድ «የጣት ጫፍ ልክ» ይባላል። ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ጣቶች ተጋጥመው የተዘረጉ የሁለት እጆችን ስፋት ያክል ቆዳ ይሸፍናል። ለአዋቂ አንድ እጅ ከፊትና ከኋላ 1 ልክ ይበቃዋል፤ ለአንድ ክንድ 3፣ ለአንድ እግር ከነመዳፉ 8። ሕፃን ሲቀባም የሚለካው በአዋቂ ጣት ነው፤ የ1 ወይም የ2 ዓመት ልጅ አንድ ክንድ ከነእጁ 1 ልክ ተኩል ይበቃዋል። ሁለት እጆቹ ላይ ችፌ ያለበት ሰው ጠዋትና ማታ ሲቀባ በቀን 2 ግራም ይጨርሳል፤ 15 ግራሙ ቲዩብ ከአንድ ሳምንት ብዙም አያልፍም። ያ ቲዩብ ለ3 ወር ከቆየው ሰውየው ፈርቶ ነካ ነካ እያደረገ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ የተቀባ ችፌ ደግሞ አይድንም። በቀን ከ2 ጊዜ በላይ መቀባት ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም አይጨምርም።

ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ሃይድሮኮርቲሶን ከክንድ ይልቅ በግንባር ቆዳ 6 እጥፍ፣ በመንጋጋ አካባቢ 13 እጥፍ ያህል ይዘልቃል፤ በብልት ከረጢት ቆዳ ከ40 እጥፍ ያልፋል። ክንድ ላይ ያልጎዳ ቅባት ፊት ላይ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ክሎቤታሶል ፊት፣ ብብትና ብሽሽት አይነካም፤ በሳምንት ከ50 ግራም፣ በተከታታይም ከ2 ሳምንት አይለፍ፤ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም አይሰጥ። ዳይፐር ሥር ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀባ ቅባት ወደ ውስጥ የሚገባው በብዙ እጥፍ ነው፤ እናቶች ይህ ሊነገራቸው ይገባል።

አንድ የቃል ችግርም አለ። በአማርኛ ውሃ ያለበትን ክሬምም ወፍራሙንና ቅባታማውን ኦይንትመንትም «ቅባት» ስለምንላቸው ይምታታሉ። ውሃ ለሚቋጥረውና ለሚረጥበው ክሬሙ፣ ለደረቀውና ለወፈረው ኦይንትመንቱ ይሻላል። ከስቴሮይዱ ጋር ቫዝሊን የሚቀባ ሰው በሁለቱ መካከል 20 ወይም 30 ደቂቃ ያቆይ። ቫዝሊን የጠጣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ እሳት ቶሎ እንደሚይዝም ምድጃ ዳር ለሚውል የደጋ ሰው ይነገረው።

የማድያቱ ጉዳይ የባሰ ነው። በከፍታችን ፀሐይ ስለሚበረታ ማድያት ይበዛል፤ «ፊት ማጥሪያ» ተብለው በኮስሞቲክስ ሱቅና በገበያ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጡ ውህዶች ውስጥ ክሎቤታሶል፣ ሃይድሮኩይኖን የተባለው ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ጥርት ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ በአፍ ዙሪያ ብጉር ይወጣል፣ ሴቶች ላይ ፀጉር ይበቅላል። ሲቆም ፊት እሳት እንደነካው ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ተጠቃሚዋም ወደ ብልቃጡ ትመለሳለች። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ደግሞ የዓይን ግፊትንና ሞራን ሊያመጣ ይችላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ዛሬውኑ ጥሎት እንዳይሄድ እንፈራለን። ኃይለኛውን ቅባት በሰፊ ቆዳ ላይ ለወራት የተጠቀመ ሰው አድሬናል እጢው (ከኩላሊት በላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ እጢ) ተዳክሞ ሊሆን ስለሚችል በድንገት ማቆም የለበትም፤ ድካም፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ካለው ፈጥኖ ጤና ተቋም ይሂድ። እነዚህ ምልክቶች የሌሉበትን ደግሞ ሐኪም ወደ ደካማው ቅባት እያወረደ፣ ቀን እያዘለለ ያስቆመዋል።

ከመምሪያው የምንጠብቀው እንግዲህ ይህ ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ማዘዣ እንዳይሰጡ ለፋርማሲና ለመድኃኒት መደብር ሁሉ የጽሑፍ ማሳሰቢያ ይሂድ፤ ባዶ ቲዩብ ይዞ መምጣት እንደ ማዘዣ አይቆጠር። የቁጥጥር ባለሙያዎች መድኃኒት ቤቶችን ሲጎበኙ የኮስሞቲክስ ሱቆችንም ይጨምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጭርትን፣ እከክንና ችፌን የሚለዩበት አንድ ገጽ ከፎቶ ጋር ይታደላቸው፤ ያጋጠመ ጉዳትም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ ስልክ 8482 እንዲነገር ይደረግ። የሚለጠፈው ወረቀት ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

«ክሎቤታሶል 0.05 ፐርሰንት፣ በጣም ኃይለኛ። ለሁለቱ እጆች ብቻ። ጠዋትና ማታ ለእያንዳንዱ እጅ 1 የጣት ጫፍ ልክ። ፊት፣ ብብትና ብሽሽት አይቀባም። ለሌላ ሰው አይሰጥም። ከጥቅምት 5 እስከ ጥቅምት 18። ጥቅምት 19 አይቀባም።»

ከአክብሮት ጋር
በሰሜን ሸዋ የምንሠራ የፋርማሲና የቆዳ ሕክምና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን