ፑሊ በመዶሻ አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሞተር ወርዶ ሲታደስ ፒስተኑም ብሮንዚኑም (ዘንግ የሚዞርበት ስስ የብረት ማረፊያ) በሚሊሜትር እየተለካ ይገጠማል። በፒስተኖቹ የሚዞረው ዋና ዘንግ፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ፣ ፊት ላይ የሚገጠመውና ቺንጋ (ቀበቶ) የሚያዞረው ፑሊ ላይ ሲደረስ ግን መዶሻ ይነሳል። በሰሜን ሸዋ ያላችሁ ባለ ጋራዦች እባካችሁ ይህን ተዉት።

ተጠቅጥቆ የሚገባ ፑሊ ቀዳዳው ከሻፍቱ አፍንጫ (ፊተኛ ጫፍ) በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ይጠብባል። ብዙዎቹ በእምብርታቸውና በውጭ ቀለበታቸው መካከል ጎማ አላቸው፤ ሲሊንደር በተኮሰ ቁጥር ሻፍቱ ሲጠማዘዝ ንዝረቱን የሚውጠው እሱ ነው። ከሸዋ ሮቢት ጭኖ ወደ ጣርማበር ለሚወጣ መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መዶሻ ጎማውን ያላቅቀዋል። ቀለበቱ ከዞረ የሞተሩ መተኮሻ ጊዜ የሚስተካከልበት የታይሚንግ ምልክት ያሳስታል፤ ከተንሸራተተ ቺንጋ ይበላል። ምቱም የሻፍቱን የፊትና የኋላ ጨዋታ የሚገድበው ብሮንዚን ላይ ያርፋል።

በራሱ ብሎን መሳብም አያዋጣም። ብሎኑ መጀመሪያ የሚይዘው ሁለት ሦስት ጥርስ ነው፤ ጥርሱ ከተላጠ ሞተሩ እንደገና መውረዱ ነው።

ይልቅ ፑሊውን ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ ለመሥራት ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ከሻፍቱ ጥርስ ጋር የሚገጥም ዘንግ አስወጡ፤ ዳዶ፣ ግፊት የሚችል ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እና ወፍራም ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ዝርግ ብረት) ጨምሩበት። የዘንጉ ውፍረት 16 ሚሊሜትር ከሆነ ቢያንስ 16 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ዘንጉን በአንድ መፍቻ ይዛችሁ ዳዶውን በሌላ አጥብቁ። ሮንዴላው እምብርቱን ብቻ ይጫን፤ ቀለበቱን ከነካ ከመዶሻው በምን ተሻለ?

ከዚያ በፊት አፍንጫውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ የፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ማሸጊያ) ከንፈር ዘይት ቀቡ፣ የቁልፉ (ፑሊው ሻፍቱ ላይ እንዳይዞር የሚይዘው ትንሽ ብረት) ቦይ ውስጥ ጥቂት ሲሊኮን አድርጉ፤ አለዚያ ዘይት በዚያ በኩል ያንጠባጥባል። እምብርቱ ላይ ፓራኦሊዮው የበላው መስመር ጥፍር ከያዘ አዲስ ፓራኦሊዮ ብቻውን አያድነውም።

ማሞቅ ይረዳል፤ የጋዝ እሳት ግን ጎማውን ያቃጥላል። የፈላ ውሃ ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጎማው አይጎዳም፤ 40 ሚሊሜትር ቀዳዳ ግን ከ0.03 ሚሊሜትር በላይ ይከፈታል። አውጥታችሁ ቶሎ አድርቁና ግጠሙ፤ በጠዋቱ ብርድ ዕቃ ስትፈልጉ ከቆማችሁ ይቀዘቅዛል።

መጨረሻ ላይ ሻፍቱ እንዳይዞር ቮላኖውን (ከሻፍቱ ኋላ ያለውን ከባድ መዘውር) አስራችሁ ዋናውን ብሎን በማኑዋሉ ልክ በቶርክ መፍቻ አጥብቁ። እምብርቱ ትከሻው ላይ ሳይደርስ የጠበቀ ብሎን መንገድ ላይ ይላላል፤ ፑሊው እየተወዛወዘ የቁልፉን ቦይ ይበላዋል።

የሞተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ደብረ ብርሃን