የጓሮው ሰዓት የዕረፍት ሰዓት አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበበ ሁሉ ፎቶግራፉን ያስታውሰዋል፤ አራት ሕፃናት በትምህርት ቤት ጓሮ፣ የአትክልት መደብ ዳር ቁጢጥ ብለው። ከሥሩ «ሕፃናት በዕረፍት ሰዓታቸው ጭቃ ሲያቦኩ» ብላችሁ ጻፋችሁ። ዘገባው ውስጥም ይኸው ጊዜ «ከትምህርት ላይ የሚቀነስ» ተብሏል።

ዕረፍት አልነበረም፤ ትምህርት ነበር። ይህን የምለው በፎቶው ጠርዝ እጅጌዋ ብቻ የሚታየው መምህርት እኔ ስለሆንኩ ነው። ፎቶ አንሺያችሁ አጠገቤ ቆሞ ምን እያስተማርሽ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። በዘገባው የትምህርት ቤት ባለቤት ተናግሯል፣ ወላጅ ተናግሯል፣ ባለሙያ ተናግሯል። ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር የሚውል መምህር ግን አንድም የለበትም።

ያልጠየቃችሁኝን ልንገራችሁ። ከልጆቹ አንዷ የተከለችውን ቦሎቄ ቆፍራ አውጥታ እየመረመረች ነበር። ፍሬውን ዘቅዝቃ ነበር የቀበረችው፤ ሥሩ ግን ተጠማዞ ወደ ታች ወርዷል። «ታች የቱ እንደሆነ ማን ነገረው?» አለችኝ። የአራት ዓመት ልጅ ናት! ስለ መሬት ስበት አላብራራሁላትም። ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አድርገን አንዱን ፍሬ ቀና፣ አንዱን በጎኑ፣ አንዱን ገልብጠን አስቀመጥንና ምን እንደሚሆን አስቀድማ እንድትገምት ጠየቅኋት። ገመተች፣ ጠበቀች፣ አየች፣ ለጓደኞቿ አስረዳች። ይህ ጭቃ ማቡካት ከተባለ ሳይንስ የሚባለው የቱ ነው?

ዘጋቢያችሁ የጓሮ ትምህርትን «ዘመን አመጣሽ» ማለቱም ስህተት ነው። መዋዕለ ሕፃናትን የጀመረው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል በ19ኛው መቶ ዘመን ለልጆቹ ከጋራው እርሻ ጎን የየራሳቸውን መደብ ይሰጣቸው ነበር። ደቃቅ ዘር በሁለት ጣት እየለቀሙ መዝራት እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች ያበረታል፤ ውኃ የያዘ ማጠጫ ሳያፈሱ መሸከም ትከሻንና ሚዛንን ያሠለጥናል። በየጠዋቱ ችግኙን በክር ለክቶ ከትናንቱ ክር ጋር ማስተያየትም ሒሳብ ነው፤ ቁጥር መጻፍ ያልጀመረ ልጅ የሚችለው ሒሳብ።

«ሥርዓት የያዘ» ብላችሁ ያሞገሳችሁትን ክፍል እንይ። ልጆቹ ከጠዋት እስከ ምሳ ከወንበራቸው አይነሱም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃውን መሮጥና መዝለልን በመሳሰለ ጠንከር ባለ እንቅስቃሴ ማሳለፍ አለባቸው ይላል። 180 ደቂቃው ከየት ይምጣላቸው? ከእንቅልፋቸው?

አፈር በሽታ ያመጣል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ክፍል የሚገባ ልጅ የለኝም። በፊንላንድ ግን የሕፃናት መዋያ ግቢዎች በጫካ አፈርና በሣር ተሸፍነው ልጆቹ ለ28 ቀናት ሲጫወቱባቸው፣ በቆዳቸው ላይ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ዓይነት እንደበዛና የሰውነታቸው መከላከያ ሥርዓትም የመሻሻል ምልክት እንዳሳየ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ገልጿል። ስጋቱን ስትጽፉ ይህንንም መጻፍ ነበረባችሁ።

ዘገባው በወጣ ማግስት ወላጆች በር ላይ ጠበቁኝ። «የምንከፍለው ሊማሩ ነው ወይስ ጭቃ ሊያቦኩ?» አሉኝ፤ የእናንተን ቃል እንዳለ። ያቺን መደብ ለማስፈቀድ ደጅ ጠንቻለሁ፤ ዘሩንም ማጠጫውንም ከኪሴ ገዝቻለሁ። አሁን አስተዳደሩ የየዕለቱን የጓሮ ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን አድርጎታል። ቦሎቄ በሳምንት አንዴ ውኃ ጠጥቶ አያድግም፤ በሳምንት አንዴ የሚጠየቅ ልጅም ጥያቄውን ይረሳል።

ስለዚህ ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ በሚቀጥለው እትም ይታረም፤ ስህተቱ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ይምጣና መምህራንን ያናግር። የሚመጣው ግን ጓሮው በተፈቀደልን ቀን፣ በጠዋት ይሁን፤ ልጆቹ ችግኙን የሚለኩት ያኔ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት