የቆርቆሮው ቀን በትክክል ይነበብ፤ አስመጪውም ይጠየቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በድሬዳዋ ሱቆች የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት የዱቄት ወተት ሲሸጥ ተገኘ በማለት ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። ሳቢያን ሰፈር ሱቅ ከፍቼ ከውጭ የሚገባ ምግብ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ዘገባው ስለ ሙያዬና ስለ ጎረቤቶቼ የተናገረውን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ፎቶው ላይ ባለው ቆርቆሮ ግርጌ የሚነበበው «06/2025» ነው። ፎቶው የተነሳው ደግሞ ራሳችሁ እንደጻፋችሁት በሰኔ 2017 የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ወርና ዓመት ብቻ በታተመበት ዕቃ ላይ ጊዜው የሚቆጠረው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የኮዴክስ ኮሚሽን ለታሸጉ ምግቦች ያወጣው ደረጃ፣ ከ3 ወር ለማይበልጥ ጊዜ የሚቆይ ምግብ ቀኑና ወሩ፣ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ደግሞ ወሩና ዓመቱ እንዲጻፍ ያዛል፤ የዱቄት ወተት ላይ ቀን ሳይጠቀስ ወር ብቻ የሚታየውም ለዚህ ነው። ጁን 30 ቀን 2025 በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 2017 ነው። ስለዚህ «ጊዜው ያለፈበት» ያላችሁት ወተት ዘጋቢያችሁ ፎቶ ባነሳበት ሰዓት ገና ከሁለት ሳምንት በላይ ይቀረው ነበር። የቀን መቁጠሪያ ገልጦ ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ያ ሳይደረግ የሱቁ በር በሚታይበት ፎቶ ሥር «ሕሊና የጎደላቸው ቸርቻሪዎች» ብሎ መጻፍ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃቸውን ባለሱቅ በአደባባይ መወንጀል ነው።

ይህን ስል ሁለት ሳምንት የቀረው ወተት መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። ትልቅ ቆርቆሮ የምትገዛ እናት ለልጆቿ ከአንድ ወር በላይ የምትጠቀምበት ስለሆነ፣ ጊዜው ሳያልፍ ገዝታው ጊዜው ካለፈ በኋላ ትጨርሰዋለች። እኔ ቀኑ የተቃረበውን ለብቻው አስቀምጬ ለገዢው በግልጽ እናገራለሁ፤ ሁሉም ቸርቻሪ እንዲህ ማድረግ አለበት። ነገር ግን ያ ቆርቆሮ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ሱቅ ውስጥ እንዴት ሊገኝ ቻለ? ዘገባችሁ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ይህን አልጠየቀም።

ለመጠየቅ የሚያስችለው ማስረጃ ግን እጃችሁ ላይ ነበር። ከ«06/2025» በላይ ዕቃው የተመረተበት ቀን የታተመበት መስመር አለ፤ እናንተ ግን ፎቶውን ስትቆርጡ ግማሹን አስቀራችሁት። በቆርቆሮ የታሸገ የዱቄት ወተት ብዙ ጊዜ 24 ወር የሚቆይ ተብሎ ይመረታል። የተመረተበት ቀን እና ዕቃው በጅቡቲ ድንበር ባለው በደወሌ ጉምሩክ ያለፈበት ቀን ቢታወቅ፣ አስመጪው ወተቱን ስንት ወር ሲቀረው እንዳስገባው ማንም ሰው በቀላሉ ያሰላዋል። ሌሎች አገሮች ይህን ስሌት ለነጋዴው ሕሊና አልተዉትም። ሕንድ ውስጥ አንድ ምግብ ከጉምሩክ የሚለቀቀው ከጠቅላላ ዕድሜው ቢያንስ 60 በመቶው፣ ወይም ቢያንስ 3 ወር ሲቀረው ነው፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ይወሰዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ዕድሜው እንዲቀር መጠየቅ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ልማድ ነው። ወደ እኛ ከተማ የሚመጣው ሸቀጥ ብዙው በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈበት፣ መጀመሪያ ለእነዚያ ገበያዎች የታሸገ ነው። እዚያ የማይሸጥበት ቀን ሲቃረብ ዋጋው እንደሚወድቅና ርካሽ ዕቃ ፈላጊው ወዴት እንደሚጭነው ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

በራሴ የደረሰውን ልናገር። ባለፈው ዓመት ከአንድ አከፋፋይ ብስኩትና የዱቄት ወተት በካርቶን ገዛሁ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ እንጂ ባች ቁጥርም (ዕቃው በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለይበት ቁጥር) ሆነ የመጠቀሚያ ጊዜ አልተጻፈም። ከላይ የተደረደሩት ካርቶኖች ረጅም ጊዜ የቀራቸው ሲሆኑ፣ ከሥር የነበሩት ግን ሁለት ወር እንኳ የቀራቸው አልነበሩም። ልመልስ ስሄድ «እትዬ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ቀኑን ራስሽ ማየት ነበረብሽ» ተባልኩ። የማይሸጠውን አውጥቼ በደንቡ መሠረት አስወገድኩ፤ ኪሳራውም የማስወገጃው ወጪም የእኔ ሆነ። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ የሚገቡት ወደ እኔ ሱቅ ነው፤ በአከፋፋዩ መጋዘን በር ቆመው አይቼ አላውቅም። እናንተም ተከትላችሁ የመጣችሁት እዚያው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት የሚባለው ይህ ነው፤ ከአንድ ጋዜጠኛ ደግሞ አህያውን መፈለግ ይጠበቃል።

ዘገባችሁ ፈጽሞ ያልነካው ሌላ ነገር ሙቀቱ ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ አልፎም ይሄዳል፤ ጅቡቲ ደግሞ በበጋዋ ከ40 በላይ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ የበለጠ ይግላል። ቆርቆሮው ላይ የታተመው ቀን ግን «በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ከሚለው ማሳሰቢያ ጋር የተሰጠ ቃል ነው፤ ማሳሰቢያው ካልተከበረ ቀኑም አይጸናም። በወተትና በብስኩት ውስጥ ያለው ስብ ከአየር ጋር ተዋህዶ ይበልጥ ፈጥኖ የሚበላሸው በሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር እንዲህ ያለው ለውጥ ወደ እጥፍ ገደማ ይፋጠናል። ወደብ ላይና በቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን ውስጥ ወራት ያሳለፈ የሕፃናት ወተት ቀኑ ሳይደርስ ቪታሚኑ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ለድሬዳዋ ሸማች የቀን ማኅተም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዕቃው በየት በኩል አልፎ፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠም መታወቅ አለበት። ደጋማ ከተማ ላይ ተቀምጦ የሚጻፍ ዘገባ ይህን ቢረሳ ላይገርም ይችላል፤ ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ፣ በላብ ተዘፍቆ ፎቶ ያነሳ ሰው መርሳቱ ግን ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያበሳጨኝ በሕጋዊ መንገድ የገባውንና ኮንትሮባንዱን በአንድ ላይ መደባለቃችሁ ነው። በድንበር በስውር የሚገባ ዕቃ የቀሪ ዕድሜ ምርመራም፣ ደረሰኝም፣ የሚጠየቅ አስመጪም የለውም፤ ይህ የራሱ ብርቱ ችግር ነው፣ በራሱ ዘገባ ይጻፍበት። ፎቶ ያነሳችሁት ቆርቆሮ ግን የአስመጪው ስምና አድራሻ የተለጠፈበት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ መሸጥ ሲከለክል ባለሱቁን ብቻ ለይቶ አልጠቀሰም፤ ክልከላው ነጋዴ የተባለውን ሁሉ፣ አስመጪውንም አከፋፋዩንም ይይዛል። እናንተ አዋጁን ጠቅሳችሁ ጣታችሁን የቀሰራችሁት ግን ከሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ባለው፣ ጠበቃም ሆነ ቃል አቀባይ በሌለው ሰው ላይ ብቻ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አንደኛ፣ ወተቱ በፎቶው ዕለት ጊዜው ያላለፈ እንደነበር ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው ፊደል መጠን አርሙ፤ የባለሱቁንም ፎቶ አንሱ። ሁለተኛ፣ ያልተቆረጠው ፎቶ እጃችሁ ላይ ስላለ የተመረተበትን ቀንና ባች ቁጥሩን ይዛችሁ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና ለጉምሩክ ጥያቄ አቅርቡ፦ ይህ ዕቃ አገር ውስጥ ሲገባ ስንት ወር ቀርቶት ነበር? ማንስ ፈቀደ? ቆርቆሮው ላይ ስሙ ያለውን አስመጪም በስልክ ጠይቁት። መልስ ከሰጠ መልሱን፣ ካልሰጠም አለመስጠቱን ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ባለሱቅ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ