ያን ቀን የሸሸሁት ከአንቺ አልነበረም

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? ሁለት ዓመት ስልክሽን ሳላነሳ ቆይቼ ይህን መጠየቄ ያሳፍረኛል።

የእናትሽ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳኑ በር ላይ ስታቅፊኝ ሽምቅቅ ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። ያን ቀን ነጠላዬ እንኳ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ እንደ እሳት ይለበልበኝ ነበር። አንቺ እናትሽን ቀብረሽ እኔ "አመመኝ" ማለት ከበደኝ። ለአርባዋም ያልመጣሁት ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነው።

በሽታው ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። ስሙ እስኪታወቅ ያልሆንኩት የለም። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ ኤምአርአይ ገባሁ። ሁሉም ንጹህ። አንዱ ሐኪም "ምንም የለብሽም" ብሎ ሸኘኝ። ጠበል ሄድኩ። ውሃው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ እንደ ጅራፍ ገረፈኝ። ስጮኽ "መንፈስ ነው" ተባለ። ይሄ ከሕመሙ በላይ ነው የጎዳኝ።

በኋላ አንዲት የነርቭ ሐኪም ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሌባ የገባበትን ግቢ ውሻ ታውቂያለሽ? ከዚያ ሌሊት ወዲያ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮሃል። ነርቬም እንደዚያ ሆኗል። ጡንቻዬም አጥንቴም ደህና ነው። ሕብለ ሰረሰሬና አንጎሌ ግን ተራውን ንክኪ እንደ አደጋ ይቆጥሩታል። ራጅ ይህን አያሳይም።

ክሊፎርድ ዉልፍ የሚባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ላይ አይተውታል። ከጉዳት በኋላ ሕብለ ሰረሰር ራሱ ይለወጣል፤ ገላ ትንሽ ሲነካም አብዝቶ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር ለእንዲህ ያለው ሕመም የራሱን ስያሜ ሰጠው። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ስዋሽ አልነበረማ!

ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት የለም። ማታ ማታ ትንሽ አሚትሪፕቲሊን እወስዳለሁ፤ እንቅልፌ ተመልሷል። ከሁሉ የረዳኝ ግን የእግር ጉዞ ነው። በ5 ደቂቃ ጀምሬ 25 ደርሻለሁ። ደህና የሆንኩ ቀን ቤቱን ሁሉ ካላጠብኩ እልና ሦስት ቀን እተኛለሁ። እሱን ገና እየተማርኩ ነው።

ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ። ነይልኝ። ዘነዘናው ስለሚከብደኝ የምትወቅጪው አንቺ ነሽ። ስትገቢ እጄን ያዢኝ፤ እጄን አያመኝም።

ናፋቂ እህትሽ