ወንበሩ ላይ ሰው አለ?

ሰላም ወንድሜ፣

መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ይቅርታ። ወቀሳህን ስትደውል እሰማለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው፤ ካንተ በቀር የምነግረው ሰው አጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በአማተር ሬድዮዬ 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ኮምፒውተሮች አጫጭር መልእክት በሚለዋወጡበት በኤፍ ቲ 8፣ ሳለሁ የአዲስ አበባው ክለባችሁ የሬድዮ መጠሪያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ስክሪኔ ላይ ብቅ አለ። ቨርጂኒያ ተቀምጬ ያንን ኮል ሳይን ሳይ ምን እንደምሆን ታውቃለህ። አንተ ነበርክ ወይስ ከተማሪዎቹ አንዱ? ልጠራ ስል አንድ ጣቢያ ዓይኔን ያዘው። እናንተ ከሌላ ሰው ጋር የምልክት ጥንካሬ ሪፖርት ስትለዋወጡ እሱ እዚያው ፍሪኩዌንሲያችሁ ላይ ተደርቦ ይጠራል። ተራ የለ፣ ፋታ የለ። ዘግታችሁ ከሄዳችሁ በኋላም ይጠራል። ቡና ተፈልቶ ተጠጥቶ ስመለስ አሁንም ይጠራል! ፕሮግራሙ እኮ ሰው ካልነካው በ6 ደቂቃ ማሰራጨቱን እንዲያቆም ተደርጎ ነው የሚመጣው። ወይ መቆጣጠሪያውን አጥፍቶታል፣ ወይ በራሱ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ደርቦበታል። መማል ባልችልም ወንበሩ ላይ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

አንተ መቼም “ድሮም ኤፍ ቲ 8 ሬድዮ አይደለም” ልትል ነው። የሞርስ ሰው! እኔ ግን ከፈጠሩት ከጆ ቴይለርና ከስቲቭ ፍራንኬ ጋር ጠብ የለኝም። በፈረንጆቹ 2017 ያወጡት ነገር ጆሮ የማይሰማውን ምልክት ከጩኸት ውስጥ ይለቅማል። እንደኔ በረንዳ ላይ ሽቦ ለዘረጋ ሰው በረከት ነው። አውቶማቲክ መሆኑም አይደለም የሚያናድደኝ። 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ ያሉትን ቢኮኖች፣ በራሳቸው ምልክት የሚልኩትን ጣቢያዎች፣ አስታውስ። 18 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ይናገራሉ፣ በ3 ደቂቃ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። የኬንያውን ስንጠብቅ ያመሸነውን መቼም አትረሳም። ቦታቸው የታወቀ ነው፣ ተራ ያከብራሉ፣ የማንንም ወሬ አያቋርጡም። ይሄኛው ግን ሰውና ሰው በሚጠራራበት መስኮት ገብቶ ሳያዳምጥ ይጮኻል። መስኮቱ ቢሰፋ 3 ኪሎኸርዝ ነው፤ ዓለም ሁሉ እዚያው ተጨናንቋል። አንተ በሞርስ ሲኪው፣ “የሰማኝ ይመልስልኝ”፣ ከማለትህ በፊት “እዚህ ሰው አለ?” ብለህ የምትጠይቀው ለዚህ አልነበር?

ዋናው ጉዳይ ግን... እንዴት ልበልህ። እዚህ ክለብ ውስጥ አዲስ ፈቃድ ያወጡ ልጆችን አስተምራለሁ። አንዱ ጎበዝ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ የሚጠራና የሚመልስ ፕሮግራም ጽፎ በደስታ አሳየኝ። ደስታውን ማጥፋት አልፈለግኩም፤ ዝም ማለትም አልሆነልኝም። ከብዙ አገሮች ጋር ለተገናኘ የሚሰጠው የዲ ኤክስ ሲ ሲ ሽልማት ደንብ በሁለቱም ወገን ግንኙነቱን የሚያስጀምረው ኦፕሬተሩ ራሱ እንዲሆን ያዛል አልኩት። “እኔ ሽልማት አልፈልግም” አለኝ። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ።

እባክህ፣ ጣቢያው ላይ ስትቀመጥ ስክሪንህን ቅረጽልኝ። ያ ሁሉ ጥሪ ባንዴ ሲወርድባችሁ በናንተ በኩል ምን እንደሚመስል ልጁ ይየው። ሁለት መስመርም ጨምርበት፤ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ አማርኛ አይችልም። እኔ ብነግረው ምክር ይሆንበታል። ጥሪው የሚወርድበት ሰው ራሱ ከአዲስ አበባ ሲነግረው ግን ይሰማል። ከቅዳሜ በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል፤ ልጆቹን የማገኘው ያን ዕለት ነው።

73 (በሬድዮኛ፣ መልካም ምኞት)
ያንተው